የጋሼን አምስት አሮጌ ሽጉጦች ዴንቨር ላይ ልሸጥላቸው ነው፤ ዋጋ ከየት ይጀመራል?

ፎቶቤት_አዳማ · ጥቅምት 18

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

እዚህ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ጎን ለጎን ያገለገለ ካሜራና ሌንስ እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። ስለ ጦር መሣሪያ የማውቀው በሠርግና በቀብር ሲተኮስ የሰማሁትን ያህል ነው። አንድ ወዳጅ አሉኝ። በዕድሜ አባቴ ስለሚሆኑ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ ጨዋታችን ግን የእኩያ ነው። ዴንቨር፣ ኮሎራዶ 31 ዓመት ኖረው ዘንድሮ ጠቅልለው መጡ። ከተማውን አሁንም ናዝሬት ነው የሚሉት።

እዚያ እያሉ አሮጌ ሽጉጥ መሰብሰብ ይወዱ ነበር። ሁሉም በሕጋዊ መንገድ የተገዙ ናቸው፣ የአብዛኞቹ ደረሰኝም አለ። አሁን ዴንቨር ልጃቸው ቤት ካዝና ውስጥ ተቆልፈው ተቀምጠዋል። ልጁ በታኅሣሥ ቤት ሊቀይር ነው። ሚስቱም ሁለት ሕፃን ባለበት ቤት ብረት አላስገባም ብላለች። ልጁ የመሣሪያ ነገር አይገባውም፣ ጋሼም ኢንተርኔት አይሆንላቸውም። «ያሮጌ ዕቃ ዋጋ የምታውቅ አንተ ነህ፤ ጨርስልኝ» ብለው በኔ ላይ ጣሉት።

ዕቃዎቹና ጋሼ በቃላቸው የሰጡኝ ዋጋ ይኸው፦

ቤሬታ 1934፣ ጣሊያን ሠራሽ፦ 3,000 ዶላር። «ከዚህ በታች እንዳትሸጥ!»
ሉገር፣ ጀርመን ሠራሽ፦ 6,000። ኢንተርኔት ላይ በዚህ ዋጋ ተለጥፎ አይተዋል።
የአሜሪካ ጦር 1911፣ ጎኑ ላይ «ሬሚንግተን ራንድ» የሚል፦ 1,000።
ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨር (ባለ ከበሮ ሽጉጥ)፣ ሞዴሉ ያልታወቀ፦ 400።
ኮልት ፓይተን ሪቮልቨር፦ 800። «በ500 ነው የገዛሁት፣ 800 ካመጣ ይበቃኛል።»

ልጁ ሠፈሩ ወዳለ አንድ የመሣሪያ ሱቅ ሄዶ ፎቶ ቢያሳያቸው አምስቱንም በ3,000 ዶላር እንውሰድ ብለውታል። ሊሸጥ ሲል ነው «ቆይ» ያልኩት። ካሜራ ላይ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ጠቅልሎ የሚገዛ ሰው ከመካከላቸው የሚፈልገው አንድ ዕቃ እንዳለ ነው። ያ አንዱ የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም።

---

ኮሎራዶ_ሐበሻ · ጥቅምት 18

ፓይተኑ ነው። ልጁን አሁኑኑ ደውልለትና ሱቁ ጋ እንዳይመለስ ንገረው።

---

ፎቶቤት_አዳማ · ጥቅምት 18

ደወልኩ። እዚያ ገና ጠዋት ነበር፣ ቡና ሳይጠጣ ያዝኩት። ፓይተኑ ምን ያህል ያወጣል?

---

ኮሎራዶ_ሐበሻ · ጥቅምት 19

ይቅርታ፣ ትናንት ሥራ ላይ ነበርኩ። አውሮራ ነው የምኖረው። ኢላማ ተኩስ እወዳለሁ፣ ከአሥር ዓመት በላይ በዚህ ገበያ ውስጥ ወጥቼ ገብቻለሁ። አንድ በአንድ ልሂድልህ።

ከሁሉ በፊት የተለጠፈ ዋጋ ዋጋ አይደለም። ሰው ሉገሩን 6,000 ብሎ ለጥፎ ሦስት ዓመት ሊያስቀምጠው ይችላል። ገንብሮከር የሚባለው የጨረታ ድረ ገጽ ላይ ተመዝግበህ ግባና የተጠናቀቁ ጨረታዎችን ብቻ ፈልግ። የዕቃህን ዓይነት፣ የአንተን በሚመስል ይዞታ፣ ባለፉት ጥቂት ወራት ስንት እንደተሸጠ ታያለህ። ከአምስት ስድስት ሽያጭ በኋላ ዋጋው ራሱ ይነግርሃል። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ጣላቸው። ብሉ ቡክ የሚሉት የዋጋ መጽሐፍም አለ፣ ይዞታን በመቶኛ እየከፈለ ዋጋ ያስቀምጣል። ለመነሻ ጥሩ ነው፣ ገበያው ግን ከመጽሐፍ ይፈጥናል።

ፓይተን። ኮልት ይህን ሪቮልቨር በ1955 ጀምሮ በ2005 አቆመ፣ በ2020 ደግሞ እንደገና መሥራት ጀመረ (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው)። ሰብሳቢ የሚሻማው የድሮውን ነው። ውስጡ በእጅ እየተሞረደ ነበር የሚገጣጠመው፣ ቅቡም እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። በደህና ይዞታ ያለ የድሮ ፓይተን ከ2,000 በታች ቢሸጥ የሻጩ ጥፋት ነው። ልጁን ሁለት ነገር ጠይቀው። ዋናው ካርቶን አለ ወይ? ካለስ ካርቶኑ ጫፍ ላይ ያለው ቁጥር ከሽጉጡ መለያ ቁጥር ጋር አንድ ነው ወይ? አንድ ከሆነ ካርቶኑ ብቻውን ጥሩ ገንዘብ ይጨምራል።

1911። ጋሼ 1,000 ማለታቸው ያሳዝናል። ሬሚንግተን ራንድ የጽሕፈት መኪና ፋብሪካ ነበር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሽጉጥ ሥራ ተባለ። ከ8 መቶ ሺህ በላይ ስለሠራ ብርቅ አይደለም፣ ተፈላጊ ግን ነው። ወሳኙ ነገር ቅቡ ነው። የጦሩ ቅብ ግራጫ፣ ሻካራ፣ ብርሃን የማያንጸባርቅ መሆን አለበት። የሚያብለጨልጭ ከሆነ አንድ ሰው ኋላ አሳምሮታል፣ ዋጋውንም በግማሽ ቀንሶታል ማለት ነው።

ሉገሩንና ሌሎቹን ነገ እጽፋለሁ። እስከዚያ ልጁ በዘይትም ሆነ በጨርቅ ምንም እንዳይወለውል!

---

ሲንጀር_ሰፊ · ጥቅምት 19

ኧረ የጽሕፈት መኪና ፋብሪካ ሽጉጥ ሠራ? የኛስ የልብስ ስፌት መኪና ምን ሠራ?

---

ኮሎራዶ_ሐበሻ · ጥቅምት 19

አንተ ቀልደሃል እንጂ ሲንጀርም ሠርቷል። 500 ብቻ፣ በ1941። ጦሩ «መሥራት ትችላለህ ወይ?» ብሎ የሙከራ ትእዛዝ ሰጠው፣ አሳምሮ ሠርቶ አስረከበ። ከዚያ ግን ሥራው ወደ ሌላ ዞረ። ዛሬ ከዚያ ዘመን 1911ዎች በዋጋ ጫፍ ላይ ያለው ሲንጀር ነው። ሐሰተኛውም የዚያኑ ያህል ብዙ ነው፣ የሌላ ፋብሪካ ሽጉጥ ላይ «ሲንጀር» ብሎ የሚቀርጽ አለ። ሲንጀር ነው የሚል ሰው ካገኛችሁ በባለሙያ ሳታስመረምሩ አንድ ዶላር አትክፈሉ።

---

ሲንጀር_ሰፊ · ጥቅምት 19

እናቴ 60 ዓመት የሰፋችበትን መኪና ዛሬ በሌላ ዓይን አየሁት።

---

መምህር_ሐዋሳ · ጥቅምት 19

ልጄ፣ ስለ ብረት ሳይሆን ስለ ወዳጅነት ልምከርህ።

ሰውዬው ፓይተኑን 800 ብለውሃል። አሁን ከ2,000 በላይ እንደሚያወጣ አውቀሃል። 800ውን ሰጥተህ ቀሪውን ኪስህ ብታደርግ የሚያውቅብህ የለም። አታደርገውም። ግን ነገ ዘመድ «ስንት ተሸጠ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፣ ያን ጊዜ በቃል ብቻ የሠራኸው ሁሉ ያስጠረጥርሃል። እኔ ለጓደኛዬ እዚህ ሐዋሳ መኪና ሽጬለት በ15 ሺህ ብር ልዩነት አራት ዓመት አልተነጋገርንም። ገንዘቡን አልበላሁትም። ለደላላ የከፈልኩትን አልጻፍኩም ነበር፣ ጥፋቴ ይኸው ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይባላል።

አንድ ወረቀት ያዝ። ለያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ዋጋ ጻፍበት፦ የሚለጠፈው፣ ደስ ብሏቸው የሚቀበሉት፣ ከዚያ በታች የማይሸጡበት። ሰውዬው ይፈርሙ። የገበያውን ዋጋ ግን ከመፈረማቸው በፊት አሳያቸው፤ ሳያውቁ የፈረሙት ፊርማ ፊርማ አይደለም። አንተም የሚከፈልህ ካለ እዚያው ላይ ይጻፍ። ልጁ፣ አባትየውና አንተ በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ሁኑ፣ የሚመጣው ዋጋ ሁሉ እዚያው ይውደቅ።

---

ፎቶቤት_አዳማ · ጥቅምት 19

ጋሽ መምህር እግዜር ይስጥልኝ። ኮሚሽን አልጠይቅም ብዬ ነበር። «ምሳ ጋብዙኝ» ነው ያልኳቸው።

---

መምህር_ሐዋሳ · ጥቅምት 19

ምሳውንም ጻፈው።

---

ኮሎራዶ_ሐበሻ · ጥቅምት 20

ወደ ሉገሩ። ሉገር ላይ ዋጋ የሚወስነው የቁጥር መመሳሰል ነው። ዋናው መለያ ቁጥር አካሉ ላይ አለ፣ ትንንሾቹ ክፍሎች ላይ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ተቀርጸዋል። ሁሉም አንድ ከሆነ ደስ ይበልህ። የአንዱ ክፍል ቁጥር እንኳ ከተለየ ዋጋው በብዙ ይወርዳል። ጥይት የሚገባበት ካርታ ከታች ቁጥር ካለው እሱም ይታይ፤ ካርታው ጭምር የሚመሳሰልበት ሉገር ማግኘት ዕድል ነው። ሌላው የአስመጪ ምልክት ነው። ከ1968ቱ የአሜሪካ ሕግ ወዲህ ከውጭ የገባ መሣሪያ የአስመጪው ስም ይቀረጽበታል። ወታደር ከጦርነቱ በቦርሳው ይዞት የመጣው ይህ የለውም፣ ሰብሳቢም የሚመርጠው ያንን ነው።

ስሚዙ ሞዴሉ አይታወቅም ላልከው፣ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከበሮውን ወደ ጎን አውጥቶ ከበሮው የሚያርፍበት አካሉ ላይ ይይ። ከ1957 ወዲህ የተሠራ ከሆነ የሞዴል ቁጥሩ እዚያ ተጽፏል።

---

ፎቶቤት_አዳማ · ጥቅምት 22

ውጤት ይዤ መጣሁ።

ልጁን በቪዲዮ እየተነጋገርን ፎቶ አስነሳሁት። እጄ ያለበት ነገር ይህ ስለሆነ እኮራለሁ። መጀመሪያ አንድ የሚያውቅ ጎረቤቱን ጠርቶ አምስቱም ባዶ መሆናቸው ሁለት ጊዜ ታየ፣ ካርታዎቹ ወጥተው ተቀመጡ፣ ጥይት የሚባል ነገር ከክፍሉ ወጣ። ከዚያ ግራጫ ብርድ ልብስ መስኮት ሥር አነጠፈ። ፍላሽ ከለከልኩት፤ ፍላሽ ዝገትንም ቅብንም አንድ ያደርጋል፣ ገዢም «ምን ሊደብቅ ነው?» ይላል። ቀኝ ጎን፣ ግራ ጎን፣ ከላይ፣ አፈሙዙ፣ እጀታው፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ በቅርብ። ጭረቱን ሁሉ ለብቻው አስነሳሁት። ካሜራ ስሸጥ የተቧጨረችውን ጥግ ቀድሜ ካሳየሁ የሚከራከረኝ ይቀንሳል።

ስሚዙ ሞዴል 19 ሆኖ ተገኘ። 1911ው ግራጫ ነው፣ ሻካራ ነው፣ ያልተነካ ነው! ሉገሩ ላይ አንዲት ትንሽ ክፍል 47 ትላለች፣ የሌላው ሁሉ 82 ነው። አፈሙዙ ሥርም የአስመጪ ስም በደቃቅ ፊደል አለ። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ፣ ከዚያ «የሸጠልኝ ሰውዬ ሲምል ነበር» አሉ።

የፓይተኑ ካርቶን ደግሞ ጋራዥ ውስጥ የገና ጌጥ ተጨምሮበት ተገኘ። ቁጥሩ ይመሳሰላል።

---

ኮሎራዶ_ሐበሻ · ጥቅምት 22

ያቺን ካርቶን ልጁ መኝታ ቤቱ ያሳድራት!

---

አራት_ኪሎ_ልጅ · ጥቅምት 23

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ወደ ኢትዮጵያ ቢያመጧቸው እዚህ ከዚያ እጥፍ ያወጡ ነበር። ገዢ እኔ አገናኝሃለሁ፣ ውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

---

ሕግ_አንባቢ · ጥቅምት 23

ፎቶቤት፣ ውስጥ መስመር እንዳትጽፍ።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባት፣ መያዝ፣ መሸጥ፣ ለሌላ ማስተላለፍ ወንጀል ነው። «ለጌጥ ነው»፣ «አሮጌ ነው» የሚል መከላከያ አያወጣህም። ከአሜሪካ በኩልም ያለ መንግሥት የወጪ ፈቃድ ሽጉጥ ከአገር ማስወጣት ከባድ ወንጀል ነው። ዕቃዎቹ ያሉት ኮሎራዶ ነው፣ በኮሎራዶ ሕግ እዚያው ይለቁ። አንተ የዋጋ ጥናትና የፎቶ ሥራ ላይ ቁም። ሻጩ ልጁ ይሁን፤ ውል የሚፈርመውም፣ ዕቃ የሚያስረክበውም፣ ገንዘብ የሚቀበለውም እሱ።

---

አራት_ኪሎ_ልጅ · ጥቅምት 23

ቀልድ ነበር እኮ።

---

ኮሎራዶ_ሐበሻ · ጥቅምት 23

ሕግ አንባቢ ያለው ልክ ነው። በኛ በኩል ያለውን ልጨምር።

ኮሎራዶ ውስጥ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሁለት ግለሰቦች እንኳ ሲሸጣሸጡ በአብዛኛው የገዢው ማንነት ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ይጣራል። ከጥቅምት 2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ በአብዛኛው ገዢው ከፍሎም ቢሆን ቢያንስ ሦስት ቀን ሳይጠብቅ አይረከብም። ገዢው የሌላ ግዛት ሰው ከሆነ ሽጉጡ እሱ ጋ በቀጥታ አይሄድም፣ በሱ ግዛት ወዳለ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ይላካል፣ እዚያ ተጣርቶ ይረከባል። ለዚህ ሁሉ ቀላሉ መንገድ ታማኝ ነጋዴ ጋ በኮሚሽን ማስቀመጥ ነው። ይለጥፋል፣ ይደራደራል፣ ያጣራል፣ ይልካል፣ ድርሻውን ቆርጦ ቀሪውን ይሰጣል። ከ10 እስከ 20 በመቶ ይጠይቃሉ፣ ተከራከሩ። ብዙና ውድ ስብስብ ላለው ሮክ አይላንድን የመሰሉ ትልልቅ የጨረታ ቤቶች አሉ፣ ለአምስት ዕቃ ግን አያስፈልግም።

ውሉ ላይ ሦስት ነገር እንዳይቀር፦ ከዚህ በታች አይሸጥም የሚለው ዋጋ፣ ኮሚሽኑ ምን እንደሚጨምር፣ ካልተሸጠ በስንት ቀን እንደሚመለስ።

---

ቤቲ_ኦሮራ · ጥቅምት 24

እኔም አውሮራ ነኝ። ወንድሜ ሞዴል 19ኙን ፈልጎት ነበር፣ ግን ወረቀቱ ገና ስላላለቀለት በስሙ መግዛት አልቻለም። እኔ በስሜ ገዝቼ ብሰጠው ችግር አለው?

---

ኮሎራዶ_ሐበሻ · ጥቅምት 24

ቤቲ እህቴ፣ በፍጹም! ስትገዢ የምትሞዪው ቅጽ «ትክክለኛው ገዢ አንቺ ነሽ ወይ?» ብሎ ይጠይቅሻል። መግዛት ለማይፈቀድለት ሰው በስምሽ ገዝተሽ መስጠት በ2022 በወጣው ሕግ እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ለወንድምም ቢሆን። ወረቀቱ ሲያልቅ ራሱ ይግዛ፣ ሞዴል 19 ሞልቷል።

---

ቤቲ_ኦሮራ · ጥቅምት 24

እሺ ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅኩ።

---

ፎቶቤት_አዳማ · ጥቅምት 26

ዛሬ ከጋሼ ጋር ፍራንኮ ቡና ላይ ተቀምጠን የመምህርን ወረቀት ሞላን። ሦስት ሰዓት ፈጀ። የተጠናቀቁ ጨረታዎችን ስልኬ ላይ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ፓይተኑ ጋ ስንደርስ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉ። «በ800 ልሸጠው ነበር?» «ነበር ጋሼ።» «ለሱቁም በ3,000 ከነአምስቱ?» «ከነአምስቱ።» ቡናቸው ቀዘቀዘ።

ችግር የመጣው ቤሬታው ላይ ነው። ጋሼ «3,000 ካላወጣ ሞቼ እገኛለሁ» አሉ። እኔ ያየኋቸው ሽያጮች ግን ከ600 አያልፉም፣ ብዙዎቹ 400 አካባቢ ናቸው። ለምን ይህን ያህል እንደሚሉ ስጠይቃቸው ታሪኩ ወጣ። አባታቸው አርበኛ ነበሩ። ከጣሊያን መኮንን የተማረከ እንዲህ ያለ ሽጉጥ ይታጠቁ ነበር፣ በኋላ የት እንደደረሰ አይታወቅም። ጋሼ ዴንቨር አንድ ዐውደ ርዕይ ላይ ተመሳሳዩን ሲያዩ ሳይከራከሩ ገዙት። የአባታቸው አይደለም፣ የአባታቸውን የሚመስል ነው። ምን ልበላቸው?

---

ብረት_ወዳድ · ጥቅምት 26

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ ቤሬታ ሲነሳ ግን አልቻልኩም።

እጀታው አጠገብ ዘውድና ሁለት የላቲን ፊደል ካለ የጣሊያን ንጉሥ ጦር ንብረት ነበር ማለት ነው። ከተሠራበት ዓመት አጠገብ ደግሞ በሮማ አኃዝ ሌላ ቁጥር ይኖራል። ፋሺስቶች ከጥቅምት 1922 (እ.ኤ.አ.) ጀምረው የራሳቸውን ዘመን ይቆጥሩ ነበር። 15 ካለ ከ1936 መጨረሻ እስከ 1937 መጨረሻ ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። የኛ አገር ወረራ ላይ የነበረ ይሆናል ብሎ መጠርጠር የሚቻለው ቁጥሩ እስከ 19 ድረስ ከሆነ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጣሊያን እዚህ ተሸንፎ ወጥቷል።

ዋጋውን በተመለከተ አንተ ልክ ነህ። ይህ ሽጉጥ በሚሊዮን ደረጃ ተሠርቷል። ገዢ ለታሪክ የሚከፍለው ታሪኩ በሰነድ ሲረጋገጥ ብቻ ነው፦ የመኮንኑ ስም፣ የማረከው ሰው ወረቀት፣ የዚያን ጊዜ ፎቶ። «የሚመስል» ሰነድ አይሆንም።

---

ፎቶቤት_አዳማ · ጥቅምት 27

ልጁ አይቶልኛል። ዘውዱ አለ። ዓመቱ 1941፣ ቁጥሩ 19።

---

ብረት_ወዳድ · ጥቅምት 27

እንግዲህ በጣሊያን እጅ የቀረችው ጎንደር በኅዳር 1941 (እ.ኤ.አ.) ነው የወደቀችው። 19 የሚለው ዘመን በጥቅምት ያበቃል። ሊሆን ይችላል፣ ግን ቀይ ባሕር በእንግሊዝ እጅ፣ ሱዌዝ ተዘግቶ፣ ከጣሊያን አዲስ ሽጉጥ ምን አድርጎ ይገባል? ለጋሼ ይህን ንገራቸው፣ በለሆሳስ ግን።

---

መምህር_ሐዋሳ · ጥቅምት 27

የማይሸጡበትን ዋጋ እሳቸው ይወስኑ። 3,000 ካሉ 3,000 ጻፍ። ያንተ ሥራ ገበያውን ማሳየት ነው፣ አሳይተሃል።

---

ወ_ሐዋሳ · ጥቅምት 29

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። አያቴ ቤት ገጠር ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጠመንጃ አለ፣ «ውጅግራ» ይሉታል። እንደ ጋሼ ዋጋ ልጠይቅለት ብዬ ፎቶ ይዣለሁ። እዚህ ልለጥፈው?

---

ሕግ_አንባቢ · ጥቅምት 29

አትለጥፊው፣ ቴሌግራም ገበያ ላይም አታውጪው። የጋሼ ጉዳይ በሌላ አገር ሕግ የሚሄድ ነው፣ የአያትሽ እዚህ ነው። ፈቃድ ከሌለው ቤተሰቡ በአካባቢው ፖሊስ ቀርቦ ይጠይቅ። ታሪካዊ ነው ብላችሁ ካመናችሁ ደግሞ የቅርስ አዋጁ 209/1992 ይመለከታችኋልና በወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም በኩልም አሳውቁ። መሸጥ የሚባለውን ግን ከሐሳብሽ አውጪው።

---

ብረት_ወዳድ · ጥቅምት 29

ውጅግራ የፈረንሳዮቹ የ1874 ግራ ጠመንጃ ነው፣ ስሙ በኛ አፍ የተለወጠው ነው። ዓድዋ ላይ ብዙ ነበር። የአያትሽን ቤት ግድግዳ አከብራለሁ፣ ግን ሕግ አንባቢን ስሚው።

---

ፎቶቤት_አዳማ · ኅዳር 30

ቃል የገባሁት ሪፖርት ይኸው።

ኮሎራዶ ሐበሻ የጠቆመን ነጋዴ በ15 በመቶ ተስማማ፤ 18 ነበር ያለው፣ ልጁ አባቱን መስሎ በክርክር ጎበዝ ሆኗል። ፓይተኑ ከነካርቶኑ 2,900። 1911ው 1,750። ሉገሩ ቁጥሯ በተለየች በዚያች ክፍል ምክንያት 1,150። ሞዴል 19ኙ 820። ድምር 6,620 ዶላር፣ ኮሚሽን 993፣ ጋሼ እጅ የሚገባ 5,627። ሱቁ ለአምስቱም 3,000 ብሎ ነበር፣ ይህ የአራቱ ብቻ ነው።

ስሕተትም ሠርቻለሁ። ሉገሩን መጀመሪያ 1,900 አስለጥፌ ሁለት ሳምንት ማንም አልጠየቀም። ስናወርደው ገዢዎች «ምን ችግር ተገኘበት?» ማለት ጀመሩ። ነጋዴው ከመጀመሪያው 1,300 በል ብሎኝ ነበር። ካሜራ ላይ ብዙ ጠርቶ ማውረድ ይሠራልኛል፣ እዚያ አልሠራም።

አንድ ሰው ደግሞ በቴሌግራም ለሁሉም በካሽ፣ ወረቀት ሳይበዛ፣ 7,000 አቅርቦ ነበር። ልጁ ግሩፓችን ላይ ሲያወርደው ጋሼ በድምፅ መልእክት የመለሱት ስድብ እዚህ አይጻፍም።

ከዚህ በኋላ ሌሎች ሁለት የዴንቨር ሰዎች «ለኛም ሽጥልን፣ 10 በመቶ እንሰጥሃለን» ብለውኛል። ልቀበል?

---

ኮሎራዶ_ሐበሻ · ኅዳር 30

አትቀበል። የራስን ስብስብ መሸጥ ሌላ፣ ለትርፍ እየደጋገሙ መሣሪያ ማሻሻጥ ሌላ። ሁለተኛው የፌዴራል ፈቃድ ይጠይቃል፣ አዳማ ብትሆንም ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ነጋዴውን ጠቁማቸው፣ በቃ።

---

ፎቶቤት_አዳማ · ታኅሣሥ 1

ተቀብያለሁ። ካሜራዬ ይበቃኛል።

---

መምህር_ሐዋሳ · ታኅሣሥ 1

ቤሬታውስ?

---

ፎቶቤት_አዳማ · ታኅሣሥ 1

ሁለት ሰው ጠየቀው፣ ትልቁ 425 ነው። ወረቀቱ ላይ ከ3,000 በታች አይሸጥም ስለሚል ነጋዴው መለሰው። ስለ 1941 ጉዳይ በለሆሳስ ነግሬያቸዋለሁ። ሰምተው «እንደዚያ ከሆነማ አባቴም አልያዘውም» አሉ፣ ዋጋውን ግን አልቀየሩም። ልጁ አዲሱ ቤት ውስጥ ካዝና ግድግዳ ላይ አስገጥሟል፣ ሚስቱም ለአንዱ እሺ ብላለች። ምሳውን ግን እስካሁን አልተጋበዝኩም።

---

መምህር_ሐዋሳ · ታኅሣሥ 1

ጽፈኸዋል?

---

ፎቶቤት_አዳማ · ታኅሣሥ 1

አልጻፍኩትም።

---

ሲንጀር_ሰፊ · ታኅሣሥ 2

ፎቶ ቤትህ ፖስታ ቤት ካለው ባንክ ጎን ያለችው ናት? የፓስፖርት ጉርድ ፎቶ ስንት ታነሳለህ?